ሐሙስ ያልፈረምኩት ወረቀት

መኪናዋ መግባቷን የሰማሁት ሰሊጥ ሳበጥር ነው።

«ያ ቢቲ፣ መኪናችሁ ከፖርት ሱዳን ገብታለች» አሉኝ የመጋዘኑ ባለቤት፣ ገና ከበሩ ሳያልፉ። «አሁን ደወሉልኝ። ነጭ ናት። ነገ መጥታ ትረከብ ብለዋል።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩና አማተብኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች እልል አሉ፤ እኔ አላልኩም። ነገር ከእጅ ሳይገባ እልል ማለት አልወድም፤ እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።

ማክሰኞ ነበር፣ የሰኔ ጾም። ሰውየው ሽማግሌ ሱዳናዊ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ እኔን «ያ ቢቲ» ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት ነው። ገዳሪፍ እህል ገበያ፣ ከእሳቸው መጋዘን ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለመኪናዋም ዋስ የሆኑን እሳቸው ናቸው። ለስደተኛ ያለ አገሬው ሰው ዋስትና መኪና የሚሸጥ አላገኘንም።

መኪናዋ ግን የእኔ አልነበረችም። ከገዳሪፍና በዙሪያው ካሉት የእርሻ ሰፈሮች የተሰባሰብን ሴቶች በወሩ በሃያ አንድ የምንጠጣው የእመቤታችን ማኅበር ነበረን። ክረምት ሲገባ ከየእርሻው ሰው ማውጣት ጭንቅ ነው። ከመካከላችን አንዷን ምጥ ላይ እያለች በሎሪ ጭነት ላይ ካጣናት በኋላ፣ ለታመመና ለምጥ የምትሆን መኪና እንግዛ ተባለ። አሮጌ ይበቃል ያሉ ነበሩ። ጭቃ መሀል ቀጥ የሚል መኪና ለምጥ አይሆንም፣ አዲስ ይሁን፣ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፣ አንቺው ጨርሺው» ብለው ጉዳዩን ሁሉ ለእኔ ሰጡኝ።

በዚያን ጊዜ መፋዛ በምትባል ሩቅ የእርሻ ሰፈር አንዲት የማኅበራችን እህት መኪናዋን ትጠብቅ ነበር። ባሏ በራሃድ ወንዝ ዳር የሰው አትክልት ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ሳያለቅሱ ቀርተውባታል። ሦስተኛውን እንደ ያዘች ገዳሪፍ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። «ዘጠነኛ ወሯ ሲገባ እዚህ ከተማ ትቀመጥ። በሎሪ ግን እንዳትመጣ፣ መንገጫገጭ አይሆንላትም» አለኝ ሐኪሙ። ለእሷ አይደለም የነገረው፤ ለእኔ ነው።

ማክሰኞውኑ መፋዛ ባለ ሱቁ ዘንድ ደወልኩና አስጠራኋት።

«ሐሙስ እመጣልሻለሁ» አልኳት። «መኪናችን ገብታለች።»

«እሰይ። ግን እትዬ፣ ነገ ወደዚያ የሚሄድ ሎሪ አለ። ጋቢና እናስቀምጥሻለን፣ ቀስ እያልን እንነዳለን ብለውኛል።»

«እንዳትሞክሪው። ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ሰማዩ ጠቁሮብኝ ነው።»

«በየቀኑ ይጠቁራል። ሐሙስ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ» አለች። «አንቺ ካልሽማ።»

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

አሁን ደግሞ ከመኪና መሸጫው ጋር እንዴት እንደከረምን ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። መዕረድ ይሉታል እነሱ፣ የመኪና ማሳያ ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ስንገባ ሻይ በሦስት ዓይነት ብርጭቆ አቀረቡልን። መኪናዎቹ የተሣሉበትን የሚያብረቀርቅ ደብተር ገለጡልን፣ ከመካከሉ አንዷን መረጥን፣ በሃያ ቀን ትደርሳለች አሉን። በሃያ ቀኗ ስሄድ ሻይ የለም። «ቡክራ» አሉኝ። ነገ ማለት ነው፤ ነገሩን ያልኖረበት ሰው እውነት ነገ ይመስለዋል። በሌላ ሳምንት መርከቧ ዘግይታለች ተባለ። ከዚያ መርከቧ ደርሳ ቀረጡ ተጨምሯል ተባለ። በአንዱ ቀን ስገባ ራሷን የመሰለች ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆማ አየሁ፤ ልቤ ተነሣ። «እሷ የሌላ ሰው ናት» አለኝ ጸሐፊው። ከእኛ በኋላ አዝዞ ከእኛ በፊት የወሰደ አንድ የትምባሆ ነጋዴ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ወረቀቱ ቀድሞ አለቀ» አለኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ መሰለኝ። አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ ቀብድ ስንከፍል ጸሐፊው ደረሰኙ ላይ ብዕሩን አሳርፎ «በማን ስም?» አለኝ። መታወቂያ አልጠየቀኝም። እኔም አፍታ አሰብኩ። ይህ በእመቤታችን ስም ከሴቶች ጉሮሮ የወጣ ገንዘብ ነው፤ በዓለም ስሜ ባስጽፈው እንደ ግል ንብረቴ ይቆጠርብኝ ይሆናል፤ ዛሬ ብሞት ዘመድ ነኝ የሚል ይነሣበት ይሆናል። ማኅበሩ የሚያውቀኝ ደግሞ በክርስትና ስሜ ነው፤ ቄሱ ጸሎት ላይ የሚጠሩኝም በእሱ ነው። ስለዚህ በሰማንያ ቀኔ፣ አገሬ ላይ፣ ከቅዱስ ውኃው ስወጣ የተሰጠኝን ስም ነገርኩት። እሱም ጻፈ። የስደተኛ መታወቂያዬ ላይ ያለው ግን ሌላው ስሜ ነው።

እንደ ጥንቃቄ ነበር ያደረግሁት። ኮርቼበትም ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከማኅበራችን ሙሴ ጋር ሄድን። ሙሴ የምንለው ሰብሳቢያችንን ነው፤ የእኛዋ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ምላሷ የሚቆርጥ ሴት ናት። መኪናዋ ቆማለች፤ ወንበሮቿ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ሙሴዋ በመዳፏ የሞተሩን ክዳን ነካ አድርጋ መዳፏን ሳመች።

ጸሐፊው ደረሰኙን አየ፣ መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ።

«ኻልቲ» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ «ይህች ሴት የት አለች?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ይህችኛዋ ነሽ» ብሎ መታወቂያዬን አነሣ። «መኪናውን ያዘዘችው ደግሞ ይህችኛዋ ናት» ብሎ ደረሰኙን አነሣ። «እሷ ትምጣና ትውሰድ።»

ስለ ክርስትና ስም በምችለው ዐረብኛ አስረዳሁት። በትሕትና ሰማኝ፤ ጨርሶ ሲሰማ «ማሻአላህ» አለና ኃላፊው ካርቱም ናቸው፣ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ ቡክራ ኑ አለን።

ሐጂን አስጠራን። መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ቢቲ፣ እኔ ሰባ ዓመት በአንድ ስም ግብር ስከፍል ወገቤ ተቆረጠ። አንቺ በሁለት ስም እንዴት ችለሽ ኖርሽ?» ጸሐፊው ሳቀ፣ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ፊታቸውን ለወጡና «ይህች ሴት እሷው ናት፣ እኔ ዋሷ ነኝ» አሉት። ጸሐፊው ግን «ሐጂ፣ እኔ አምኜዎታለሁ፤ ወረቀቱ ነው ያላመነዎ» አላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጀለቢያ የለበሰ ሰው በመኪናችን ዙሪያ ይዞራል። ጎማ ይረግጣል፣ በመስኮት አንገቱን ያስገባል። «ባለቤት የላትም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ትምባሆ ነጋዴው ትዝ አለኝ።

ስንወጣ ሙሴዋ ክንዴን ያዘችኝ። «ስሚኝ፣ ዛሬውኑ ኪራይ መኪና ይዘን ልጅቷን እናምጣት። የዚህ ነገር አያያዙ አላማረኝም።»

«ነገ ትወጣለች» አልኳት። «አዲስ መኪና ገዝተን ለኪራይ ልንከፍል? የእመቤታችን ገንዘብ ሁለት ጊዜ አይወጣም።»

«የእመቤታችን ገንዘብ። እመቤታችን ሒሳብ ሹም አድርጋሽ የለ።»

ደረሰኙን አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ። የያዝኩት ጥሩ ጠባይ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ በጠዋት ደረስን። ኃላፊው ከካርቱም መፍትሔ ልከዋል፤ ጸሐፊው ደስ ብሎት ነው የነገረን። ሌላ ደረሰኝ ከተጻፈ ወረፋችን ይሰረዛል፣ ስለዚህ የድሮው እንዲያዝ፣ እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ፈርሜ ወዲያው መኪናዋን እንድወስድ። ቃሏን በዐረብኛ ጽፎ አዘጋጅቷት ነበር። ሐጂ አነበቡልኝ፦ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም በስሕተት የተጻፈ ነው፤ ይህ ስም የእኔ አይደለም፤ በዚህ ስም ተጠርቼ አላውቅም።

ብዕሩን ተቀብዬ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አለች ሙሴዋ።

«ስሜ አይደለም በይ ነው እኮ የሚሉኝ።»

«ወረቀት ነው።»

«የተጠመቅሁበትን ስም በጽሑፍ ካድኩ ማለት እኮ ነው። ‹ተጠርቼ አላውቅም› ይላል።»

«አንቺ ሴት፣ ማን ካደ አለሽ? ለመኪና መሸጫ ነው የምትጽፊው፣ ለመንግሥተ ሰማያት አይደለም።»

ሐጂ ሁለታችንን እያዩ ምን እንደምንል ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሳቅ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። ጢማቸውን እየነኩ «የሃይማኖት ነገር ከሆነ እኔ ፈርሚ አልልሽም» አሉ። «ሼኽሽን ጠይቂ። ግን ቶሎ በይ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ሐሙስ መሆኑ እዚያ አገር ትርጉሙ ብዙ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ አርብና ቅዳሜ አይከፈትም።

ጸሐፊውን ከ«አይደለም» በቀር ሌላ ቃል እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ሁለቱም ስሜ ነው ብለህ ጻፍ አልኩት። እንደዚያ ከሆነ ፍርድ ቤት ሄደሽ በምስክር አጽድቂ አለኝ፤ እሱ ደግሞ የሳምንት ነገር ነው። ሙሴዋን መኪናዋ ሥር አስቀምጬ፣ ባለ ሦስት እግር ራክሻ ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

የንስሐ አባቴ ቅዳሴ ገብተዋል። የወሩ ኪዳነ ምሕረት ስለሆነች ዋና ቀዳሹ እሳቸው ናቸው፤ ጾምም ስለሆነ ቅዳሴው አርፍዶ ነው የተጀመረው። መቅደስ የገባ ካህን ሳይጨርስ አይወጣም። ሌላ የምጠይቀው ካህን አልነበረንም። ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ በኩል ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ቅዳሴ ሲረዝም ደስ ይለኛል። ያን ቀን እያንዳንዱን ዜማ በልቤ እገፋው ነበር። ተሰጥዎውን እየመለስኩ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አይነሣም። ስድስት ሰዓት ተኩል። ሰባት። ወንጌል ሲነበብ መፋዛ ያለችው እህታችን ጓዟን አስራ ደጅ ተቀምጣ ታየችኝ። ወጥቼ መሄድ እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ተራምጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ሲወጡ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ፣ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አባ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ልጅቱ አሁን የት ናት?» አሉኝ።

«መፋዛ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ፈርሚ። ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ንስሐውን እኔ እሸከመዋለሁ፣ ልጄ፣ ሂጂ።»

ስደርስ የብረት መዝጊያው ወርዷል። ሙሴዋ ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችኝም። «እስከ ስምንት ከሩብ አቆይቼው ነበር» አለች። በመስታወቱ በኩል መኪናዋ ትታያለች፣ ነጭ፣ ላስቲኳን እንደለበሰች።

አርብ ጠዋት መፋዛ ደወልኩ። «እሑድ» አልኳት። «እሺ» አለች፤ ለምን አላለችም። የረቡዕ ሎሪ ሄዷል፣ ሌላ አልመጣም። ኪራይ መኪና ፍለጋ ተሯሯጥን፤ የተገኘው አንድ ሹፌር ሰማዩን አይቶ እምቢ አለ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ያላየ ሰው ዝናብ ብቻ ይመስለዋል። አፈሩ ውኃ ሲነካው ሊጥ ይሆናል፤ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ ጫማ ያወልቃል። ቅዳሜም ሲዘንብ ዋለ። ስልኩም መፋዛ ላይ ጠፋ።

እሑድ መዕረዱ ሲከፈት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ያን ዓመት ከእሑድ ቅዳሴ የቀረሁት ያኔ ብቻ ነው። ጸሐፊው ወረቀቱን አወጣ። ይህ ስም የእኔ አይደለም፣ ተጠርቼበት አላውቅም። ፈረምኩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም።

መሪውን የጨበጡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሙሴዋ ከኋላ ተቀመጠች፣ አንሶላና ትኩስ ውኃ በፔርሙስ ይዛ። ላስቲኩን አልገፈፍነውም፤ በተነቃነቅን ቁጥር ይንሿሿል። አስፋልቱ ላይ መኪናዋ እንደ ንፋስ ሄደች። ወደ መፋዛ የሚገነጠለው ጋ ደርሰን ጥቂት እንደገባን ጎማዎቹ መዞር ብቻ ሆነ ሥራቸው። ሐጂ ሞተሩን አጠፉ። «እሷ አዲስ ናት» አሉ፣ «መንገዱ ግን የድሮው ነው።» ወደ ኋላ እያልን እንደምንም አስፋልቱ ዳር መለስናትና ቆመን ጠበቅን። ምን እንደምንጠብቅ አላውቅም ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ትራክተር ከሩቅ ታየ። ተሳቢው ላይ ሰዎች ሸራ በእጃቸው ዘርግተው ይዘዋል። ሲቀርብ ወጣቶች መሆናቸውን አየሁ፣ ሰባት ወይም ስምንት፤ ለአረም ሥራ መጥተው ወደ ካርቱምና ከካርቱም ወዲያ ለመሻገር ገንዘብ የሚያጠራቅሙ የአገሬ ልጆች። እጃቸው በሸራው ጠርዝ ተቆርጧል። ከሸራው ሥር እህታችን ተኝታ ነበር፣ ባሏ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ ይዞ። ደረቷ ላይ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አለ።

አንዱ ከተሳቢው ዘሎ ወረደና «ሴት ናት» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። «መንገዱ ላይ እስካለው ግራር ድረስ ታለቅስ ነበር፣ እናቴ። በኃይል ነበር የምታለቅሰው።»

እናቲቱን ወደ መኪናዋ አስገባናት። ላስቲኩ ላይ ደም ወረደ፤ ሙሴዋ በነጠላዋ ትጠርጋለች። ሐጂ እንደዚያ ሲነዱ አይቼ አላውቅም። ሐኪሞቹ እሷን አዳኗት። ትንሿን በማግሥቱ ቀበርናት። ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ያልተጠመቀች ናትና።

እህታችን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ሴት አመላልሳለች፤ እኔ ግን ተሳፍሬባት አላውቅም። ዓመታት አልፈው፣ እሷም ከባሏ ጋር ወደ ጎንደር ከተመለሰች በኋላ፣ በስልክ ስናወራ አንድ ነገር ነገረችኝ። ልጅቱ መተንፈስ ሲያቅታት ከልጆቹ አንዱ ከጀሪካን ውኃ በእፍኙ ቀድቶ ራሷ ላይ አፈሰሰ። አንድ ነገር አለ። በስም ጠራት። «ስሙን አልያዝኩትም» አለችኝ፣ «ዝናቡ ሸራው ላይ ይመታ ነበር። ግን ጠርቷታል። ሌሎቹም ደግመው ሲሉት ሰምቻለሁ።»

እኔ ያን ቀን ከእናንተ የአንዳችሁንም ስም አልጠየቅሁም። ውኃ እንኳ አላጠጣኋችሁም። በዚያው ትራክተር ተመለሳችሁ፣ ከዚያም አገር ለአገር ተበተናችሁ። ያን እሑድ ከመፋዛ በመጣው ተሳቢ ላይ ሸራ ይዛችሁ የቆማችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሥርዓቱ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ስለ እሱ አልጠይቃችሁም። ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ለቄሱ የሚሰጠው የሙታን ስም ዝርዝር አለ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አንድ መስመር ባዶ እተዋለሁ። ገዳሪፍ ላለ ማንኛውም አበሻ ንገሩት፣ ይደርሰኛል። ምን ብላችሁ ጠራችኋት?